በብርድ አገር የጋለ ማሽን

ደባርቅን ለማያውቅ ሰው አስቀድሜ ልንገረው፤ ብርድ ነው። ኅዳር ላይ ጠዋት ደጅ ስትወጣ ትንፋሽህ ከፊት ከፊትህ ይሄዳል፤ ውጭ ያደረ ውሃ ላዩ በረዶ ይይዛል። በዚህ ከተማ ሰው በብርድ ሲታመም፣ ጥጃ በብርድ ሲሞት አይቻለሁ። በሙቀት የሞተ ነገር ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የልጄ ላፕቶፕ ነው። የሞተው ደግሞ ዳባት ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴ ፊት፣ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ እያየ ነው።

ልጄ ጎንደር ተምራ የሕንፃ ንድፍ ዲግሪ ይዛ መጣች። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ከዚያ ወዲያ እሱም እሷም ዝም ብለው ተቀመጡ። ያመለከተችበት ቦታ ሁሉ የሥራ ልምድ አምጪ ይላታል፤ ልምዱን የሚሰጣት ግን የለም። እንዲህ ከርማ ከርማ አንድ ቀን ፓስፖርት አውጥታ መጣች። ደላላ አግኝታለች። ዓረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ልትሠራ ነው። "ትንሽ ጊዜ ነው አባዬ፤ ሠርቼ እመለሳለሁ" አለችኝ። ትንሽ ጊዜ ብለው የሄዱትን የጎረቤት ልጆች አውቃለሁ። ሕንፃ የምትሥል ልጅ የሰው ሽንት ቤት ልታጥብ! ክፉ ክፉውን ተናገርኳት። ጨርሼ ዝም ስል፣ "እሺ፣ እዚህ ምን ልሥራ? ንገረኝ" አለች። ጋቢዬን ለብሼ ደጅ ወጣሁ።

የዳባቱ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከዳባት ወጣ ብላ አንዲት ደብር አለች፤ የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ግድግዳው እየተሰነጠቀ፣ ሕዝቡ አዲስ እንሥራ ብሎ ተነሥቷል። የአሠሪ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ከእኔ ጋር ተራራው ላይ ባለው የዋልያ ፓርክ ስካውት፣ ማለት ጠባቂ፣ የነበረ ሰው ነው። ጠመንጃ አንግተን ቱሪስት በተራራው ከጊች ወደ ጨነቅ ስናመላልስ፣ አንድ ዳቦ ለሁለት ስንቆርስ የኖርን ነን። "ልጅህ ሕንፃ ትሥላለች አሉ፤ አምጣትና ታሳየን" አለኝ። ሌላ ሠሪም ከጎንደር ጠርተዋል። ከሁለቱ ልባቸው የወደደውን ሊይዙ ነው። የተያዘው ሰው ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ ሥራውን ይከታተላል፤ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ልጄም ቁርጡን ነገረችኝ። "ይሄን ካገኘሁ እቀራለሁ። ካላገኘሁ ከገና በፊት እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ እንዳትከለክለኝ።"

ስለ አንድ ላፕቶፕ ይህን ያህል የሚያወራ ሰው ምን ነካው የምትሉ ካላችሁ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ላፕቶፑን የገዛነው በቅሎዬን ሸጬ ነው። ቱሪስቱ ከቀረ ወዲህ በቅሎዋም እኔም ሥራ ፈት ነበርን፤ ቢሆንም በቅሎ ነበረች። ልጄ ጎንደር ሄዳ ከአንድ ተማሪ ያገለገለ ገዛች። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሲከፈት ፊደሎቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የሚያበሩ።

"ይሄ ምንድን ነው? የመጠጥ ቤት መብራት?" አልኳት።

"ጌሚንግ ላፕቶፕ ነው አባዬ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ጌም መጫወቻ ማለት ነው፤ ግን ደግሞ..."

"በቅሎዬን ለጨዋታ ነው የሸጥኳት?"

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አንድን ቤት በር ከፍቶ እንደሚገባ ሰው እየተራመደ የሚያሳይ ሥዕል ለመሥራት ተራው ላፕቶፕ አቅም የለውም፤ ጌም የሚችለው ይችላል። ጉልበት አለው። ጉልበት ስላለው ደግሞ ይሞቃል አለች። ሙቀት ደባርቅ ላይ ምን ያደርጋል ብዬ ይህቺኛዋን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኳት።

እኛ ቤት ዋጋ ያለው ነገር ባዶ ቦታ ላይ አይቀመጥም። እንግዳ ሲመጣ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፤ ሬዲዮኑም ዳንቴል አለው። ሚስቴ ለላፕቶፑም አበባ ያለበት ዳንቴል ሠራችለት። እኔ ደግሞ ከቤት ውስጥ ምርጡን አጎዛ፣ ጠጉሩ ጣት የሚውጠውን የደጋ በግ፣ ከመደቡ አንሥቼ ከሥሩ አነጠፍኩለት። ለክብሩ ብቻ አይደለም። ጨነቅ ላይ ስካውት ሳለሁ የመገናኛ ሬዲዮኑ ባትሪ በብርድ ይሞትብን ነበር። ባትሪውን አውልቀን፣ በጨርቅ ጠቅልለን፣ ሆዳችን ላይ ይዘነው ነው የምናድር። ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ሁሉ ጠላቱ ብርድ ነው ብዬ ነው የማውቀው። ልጄም አልከለከለችኝም፤ አጎዛው ላይ ሲሆን ለእጇም ይሞቃታል። ያደገችው እኛው ቤት ነው።

ማሽኑ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ንብ፣ በኋላ እንደ ወፍጮ ቤት። አልፎ አልፎም በራሱ ይጠፋል። መብራት ነው አልን። እዚህ አገር የጠፋ ነገር ሁሉ ቀድሞ የሚላከከው በመብራት ነው።

ወደ ዳባት የሄድነው ኅዳር ላይ፣ በእሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሰንበቴ ቤት ተሰበሰቡ። ልጄ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ስትል ሊቀ መንበሩ እጇን ያዛት።

"ቆይ ቆይ። ቤተ ክርስቲያኑ እዚህ ውስጥ ነው ያለው አይደል?"

"ሥዕሉ፣ አዎ።"

"ታዲያ ባዶ እንጨት ላይ?"

ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፤ አጣጥፎ አነጠፈላት። ሽማግሌዎቹ "አበጀህ" አሉት። እኔም ደስ አለኝ፤ ልጄን ያከበሩልኝ መሰለኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ መጣ። እውነቴን ነው፤ የቆመ ነው የሚመስለው። ጉልላቱ ላይ ፀሐይ አርፎበታል፤ ዙሪያውን ጥድና ወይራ ከቦታል። ከኋላ የተቀመጡት ተነሥተው ቆሙ። ሥዕሉ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። ማሽኑ ይጮሃል። ደጀ ሰላሙን እንዳለፈ ሥዕሉ ይንተባተብ ጀመር፤ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ይራመዳል። ከዚያ ድርግም አለ።

"መብራት ሄደ?" አለ አንዱ። አምፖሉ ግን እንደበራ ነው።

"ሳይሠራ ፈረሰ በሉኛ!" አለ ሌላው። ሳቁ።

ልጄ አስነሣችው። በሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ጠፋ። እጄን ብሰድ የተጣደ ድስት የነካሁ መሰለኝ። ጋቢው ራሱ ከሥሩ ግሏል። ያን ጊዜ ከጎንደር የተጠራው ሰውዬ ጥቅል ወረቀቱን ፈታና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ወረቀት አይጠፋም።

ሊቀ መንበሩ ስለ እኔ ሲል ቀጠሮ ሰጠን። "የሚመጣው እሑድ ደግማችሁ አሳዩን። ያን ቀን ግን እንወስናለን፤ ከዚያ ወዲያ እኔን አትውቀስ" አለኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ልጄ አላለቀሰችም። ስልኳን አውጥታ ለደላላው ጻፈች። አጠገቧ ተቀምጬ አነበብኩት። እኔ ማንበብ የተማርኩት እሷ አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው፤ ቀን እሷ የምትቀመጥበት ክፍል ውስጥ ከሥራ መልስ እኔ የጎልማሶች ትምህርት እቀመጥ ነበር። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። በመማሬ ስንት ጊዜ አመስግኛለሁ። ያን ቀን ያነበብኩት ግን "ፕሮሰሱን ቀጥልልኝ" ይላል፤ ባላነበብኩት ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ማሽኑን ይዘን ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄድን። ላፕቶፕም ይከፍታል ይባላል።

"ምን ሆኖ ነው ጋሼ?" አለኝ።

"ይሞታል።"

"ምን ሲያደርግ?"

"ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ሲል።"

"ይሄማ ጠበል ነው የሚያስፈልገው፤ እኔ ጋ ለምን አመጡት?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ካቻቪቴውን አነሣ።

የሆዱን ብሎኖች ፈትቶ ክዳኑን አነሣ። ከዚያ በወረንጦ አንድ ነገር ቆንጥሮ ሳበ፤ ይመጣል፣ ይመጣል፣ አያልቅም። ግራጫ፣ የተድበለበለ፣ ጥቀርሻ የጠጣ ጠጉር።

"ጋሼ፣ ያመጡልኝ ላፕቶፕ ነው በግ?"

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መንገዱ አየሁ።

"ብርድ እንዳይመታው አጎዛ ላይ ነው የምናስቀምጠው" አልኩ።

"አየር የሚስበው እኮ ከሥር ነው፤ በእነዚህ ቀዳዳዎች። ሙቀቱን በጎን ይተፋዋል። እናንተ አፍና አፍንጫውን ይዛችሁ ጠጉር ስታጎርሱት ነው የከረማችሁት። የማዕድ ቤቱም ጭስ አለበት። ይሄ የሚፈልገው ብርድ ነው ጋሼ። ያገኘው አገር ደግሞ የብርድ አገር፤ እናንተ ከለከላችሁት።"

በብሩሽና በመንፊያ ጠረገው። ማራገቢያውን በጣቱ ሲያሾረው እንደ አዲስ ዞረ። ሊዘጋው ሲል ልጄ "ቆይ፣ ፔስቱስ?" አለች። እሷ ሌሊቱን በስልኳ ስታነብ ነው ያደረችው። ሙቀቱ በሚወጣበት ቺፕና ከላዩ ባለው መዳብ መሃል የሚቀባ ቅባት አለ፤ እሱ ከደረቀ ሙቀቱ ወደ መዳቡ አይሻገርም። መዳቡን አነሡት። ቅባቱ በበጋ እንደተሰነጠቀ ጭቃ ሆኗል።

"ልክ ነሽ፤ አልቋል። ግን እኔ ጋ የለም" አለ ጠጋኙ። "ሲጠፋ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡም አሉ። እኔ አልመክርም።"

"ቅባት ከሆነ ቅቤ አለን" አልኩ።

"ጋሼ፣ በጾም?"

"የሚጾመው ማሽኑ ነው እንዴ?"

"ኧረ እዚያው ላይ ተነጥሮ ሰፈሩን ያውደዋል!" አለ ጠጋኙ። ልጄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከእሑድ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ፔስቱን ጎንደር የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር እንዲያመጣልን ላክን። ሹፌሩ አንድ ቀን ረሳሁ፣ አንድ ቀን ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት እያለ የሳምንቱን እኩሌታ በላብን። በመጨረሻ አመጣ፤ ከትንሿ ጣቴ የምታንስ ቱቦ ናት። ለዚህች ነው ስንሰቃይ የከረምነው? ልጄ አሮጌውን ጠርጋ፣ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ ጠብ አደረገች። "ጨምሪበት እንጂ" ብላት፣ "ሲበዛም ያፍነዋል" አለች። ከሚገባው በላይ ማድረግ ማፈን እንደሆነ በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ ተነገረኝ መሰላችሁ።

ከዚያ ወደ ቤት። አጎዛው ወደ መደቡ ተመለሰ። ዳንቴሉ ተነሣ፤ ሚስቴ ተቆጣች።

"የኔ ዳንቴል ነው የገደለው? ይኸው ቴሌቪዥኑ ስንት ዘመን ለብሶት አልሞተም!"

"ቴሌቪዥኑማ ዜና ብቻ ነው የሚያወራው፤ ምን ያሞቀዋል" አልኳት።

ልጄ ጠረጴዛዋን ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ አራቀችው። እኔ ባሕር ዛፍ ቆርጬ፣ ዳርና ዳሩን የሚሸከሙ ሁለት እንጨቶች ጠርቤ አስተካከልኩ፤ ማሽኑ እነሱ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ እጅ ያስገባል። መስኮቱን ከፈተችው። ነፋሱ ከተራራው በኩል ቀጥ ብሎ ይገባል። እኛ ሦስታችን ጋቢ ተከናንበን ተኮራምተናል፤ ማሽኑ ራቁቱን ተቀምጦ ነፋስ ይቀበላል።

"ቤቱን ለጭላዳ ዝንጀሮ ልታከራዩት ነው?" ትላለች ሚስቴ።

ልጄ ማያው ጥግ ላይ ሙቀቱን የሚናገር ቁጥር አወጣች። የቀረው እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ አልችለውም። ቁጥር ግን ቁጥር ነው። እሷ ስትሠራ እኔ ቁጥሩን እንድጠብቅ ተስማማን። ድሮ ጠመንጃ ይዤ ዋልያ እጠብቅ ነበር፤ አሁን ላፕቶፕ። ማሽኑ ራሱን የሚያጠፋው መቶ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው።

"መቶ ውሃ የሚፈላበት ነው" አለችኝ።

"ታዲያ ሻይ አፍሉበት እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይሠራበትም።"

አሁን ቁጥሩ ወረደ። ቤተ ክርስቲያኑን ከውጭ ሲያሳይ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን እንደገና ይወጣል፤ ሰማንያ፣ ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና። "ዘጠና!" ብዬ እጮሃለሁ፤ እሷ ታቆማለች። መጥረግ ብቻ አልበቃም። የቅንብሩን ነገር ነካካችና "ጉልበቱን ቀነስኩት" አለችኝ።

"በቅሎ የሸጥነው ለጉልበቱ አይደለም?"

"ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ ነው የሚወድቀው አባዬ። ትንሽ ቀስ ካለ ይደርሳል።"

ይህንን ከሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ። በቅሎ ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ የሚነዳት ሰው ሞኝ ነው። 

ቀጥሎ ዛፎቹን መቀነስ ጀመረች። እያንዳንዱን ቅጠል ማሽኑ ይሥለዋል፤ ቅጠል በበዛ ቁጥር ይሞቃል አለች። እዚህ ላይ ተጣላን።

"ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ምን ቤተ ክርስቲያን ነው? መጋዘን ልታሳያቸው ነው?"

"በማይታየው በኩል ያለውን ነው የምነቅለው። ሥዕሉ የሚያልፍበት ጋ ይቀራል።"

"ከኋላ በኩል አሳዪን ቢሉሽስ?"

"እንዳይሉኝ ጸልይልኝ።"

ከበስተጀርባ ያለውን ጥድ ሁሉ ጨፈጨፈችው። ስካውት የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ዛፍ የቆረጠ ስይዝ ነው የኖርኩት። ያን ዕለት አጠገቧ ቁጭ ብዬ "እዚያም ጋ አንድ አለ" እያልኩ አስጨረስኳት።

ዓርብ ዕለት ደላላው ደወለ። ወረቀቱ አልቋል፤ ሰኞ አዲስ አበባ ግቢ አላት። "እሺ" ብላ ዘጋችው። ሚስቴ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፤ ብዙ ቆየች። እኔ ቁጥሩን አያለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

እሑድ ዳባት ደረስን። ሰንበቴ ቤቱ ከፊተኛው ይልቅ ሞልቷል፤ መጠጥ ቤት የሚመስለው ማሽን ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ሲል እንደሚሞት አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ልጄ የፊደሎቹን መብራት ቀድማ አጥፍታዋለች። እንጨቶቼን ከቦርሳ አወጣሁ። ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ሊቀ መንበሩ ጋቢውን አጣጥፎ ቀድሞን አንጥፏል።

"ጋቢህን ልበሰው" አልኩት።

"ለምን?"

"ያለፈውን የገደለው እሱ ነው።"

"የኔ ጋቢ?" ፊቱ ጠቆረ። "ለእግዚአብሔር ቤት ብዬ ያነጠፍኩት ጋቢ?"

"ከሥር ነው የሚተነፍሰው የኔ አባት" አለች ልጄ ጎንበስ ብላ። "ጋቢው ያፍነዋል፤ ባዶ ነው የሚፈልገው። በእነዚህ እንጨቶች ላይ..."

"የማገዶ ፍልጥ ላይ? የኛን ደብር?" አለ አንዱ ሽማግሌ። ጉርምርምታው ተነሣ። ክብር ነሣችሁን ነው የሚሉት። እኔ እንደ ልማዴ ክፉ ቃል ልናገር አፌን ስከፍት፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዳዊትና ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ሁሉም የኔታ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ሊናገሩ ሲሉ ሰው ዝም ይላል።

"ከሥሩ ባዶ ይሁን ነው የምትይው?"

"አዎ የኔታ።"

"አትሮንስ አምጡላት።"

"ወንጌል የሚነበብበት ላይ የኔታ?" አለ ሊቀ መንበሩ።

"እሱን አላልኩም። ተማሪ ዳዊት የሚደግምበት አለ፤ እሱን አምጡ። ክብርም ነው፣ ከሥሩም ነፋስ ያልፋል። አሁን ተቀመጡ።"

አትሮንሱ መጣ፤ ሁለት የተጠላለፈ እንጨት፣ መሃሉ ክፍት። ማሽኑ እንደ መጽሐፍ ዘንበል ብሎ ተቀመጠበት። እንጨቶቼን ወደ ቦርሳ መለስኳቸው። እኔ ቁጥሩ ወደሚታይበት ጥግ ሄጄ ቆምኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ መጣ። ሥዕሉ በጥዱ መሃል ተራመደ፤ ደጀ ሰላሙን አለፈ። በሩ ጋ ደረሰ። በሩ ተከፈተ። ገባ! ቅኔ ማኅሌቱን ዞረ፤ መስኮቶቹ ብርሃን ይጥላሉ። ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ወደ ቅድስቱ፣ ገባ። ቁጥሩ ሰማንያ ላይ ነው። ወደ መቅደሱ መጋረጃ ተጠጋ፤ ተጠጋ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ይኸው!" አለ ሊቀ መንበሩ እጁን አጨብጭቦ። "ደግሞ ሞተ!"

 ቁጥሩን አየሁ፤ ይንቀሳቀሳል። ማሽኑ አልሞተም።

"አልሞተም" አለች ልጄ። "እኔ ነኝ ያቆምኩት።"

"ለምን ታቆሚዋለሽ?"

"ከመጋረጃው ወዲያ እኔ አልገባም። የመቅደሱን ስፋትና ቁመት በልክ ሠርቼዋለሁ፤ ልኩን ለካህናቱ በእጅ እሰጣለሁ። ለሰው ሁሉ ማሳየት ግን አልመሰለኝም።"

የኔታ ተነሥተው ወደ ማሽኑ ቀረብ ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ። "የደቡቡን በር መልሽ አሳዪኝ" አሉ። አሳየቻቸው። "ጠባብ ነው። ሴቶች በዚያ ነው የሚገቡ። ክርስትና ሲሆን ሕፃን ይዘው፣ ሰው ተከትሏቸው፣ እንዴት ያልፋሉ?"

"ላስፋው?"

"አሁን?"

"አሁን።"

የጎንደሩ ሰው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ አንገቱን አሰገገ። ልጄ በሩን ያዘችና ጎተተችው፤ ግድግዳው አብሮ ተገፋ፤ ማሽኑ ማልቀስ ጀመረ። ሰማንያ አምስት። እሷ ደግሞ ደረጃውን ማስተካከል ያዘች። ሰማንያ ዘጠኝ። ልጮህ አልኩ፤ እዚያ መሃል ግን እንዴት ይጮሃል? ዘጠና ሁለት። ነጠላዬን በእጄ ጨመደድኩ። ዘጠና ሦስት ላይ ቆመ። ቆየ። ዘጠና ሁለት ሆነ፤ ዘጠና ሆነ። በሩ ሰፋ። ጥላው እንኳ አብሮ ሰፋ።

"እንዲህ ነው" አሉ የኔታ፣ ሄደው ተቀመጡ።

ከውጭ ቆዩ አሉን። ግቢው ውስጥ ካለ ጥድ ሥር ቆምን። ብዙ ክርክር ይሰማል፤ የሊቀ መንበሩ ድምፅ ከሁሉ ይበልጣል። ስለ ጋቢው ተቀይሞ የሚከራከርብኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ እሱ ራሱ መጥቶ "ልጅቷ ትሥራው ብለናል" አለ። "አንተ ግን አፍህን ካልሰበሰብክ ግቢው ውስጥ አትገባም።"

"አፌን ስንት ዘመን ታውቀዋለህ" አልኩት።

"እሱን እኮ ነው የምልህ።"

አንድ ነገር ጨመሩበት። ሠሪዋ ከሥራው አጠገብ ትኑር፤ ግንበኛው ሲሳሳት ከደባርቅ መኪና ተሳፍራ እስክትመጣ አንጠብቅም አሉ። ልጄ ሳታንገራግር እሺ አለች። ሚኒባስ ውስጥ ለደላላው ደወለች። "ቀርቻለሁ" አለችው። ሲጮህባት ይሰማኛል። ጮሆ እስኪጨርስ ጠበቀችውና ዘጋችው። ሚስቴ ስንነግራት እልል አለች፤ ከዚያ "ዳባት ልትኖር?" ብላ ተቀመጠች።

በዚያው ሳምንት ፍራሿን፣ ማሽኑን፣ የእናቷን በሶ ይዛ ዳባት ገባች። መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ዓረብ አገር አልሄደችም። ቤቴም ግን የለችም። ይህን ያልኩት ቅር ብሎኝ አይደለም፤ የሆነው ይህ ስለሆነ ነው። ነፋስ ሲያስገባ የከረመውን መስኮት ዘጋነው፤ ጠረጴዛዋ የነበረበት ቦታ ሚስቴ የገብስ ጆንያ አስቀመጠችበት።

አልፎ አልፎ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ባለፈው ስሄድ መሠረቱ ተቆፍሯል፤ እሷ ጉድጓዱ ዳር ቆማ ከግንበኛው ጋር ትጨቃጨቃለች። ግንበኛው አንድ እጅ ሲመልስላት እሷ ሁለት እጅ ታክልበታለች። የማንን አፍ እንደወረሰች መጠየቅ አያስፈልግም። ያመጣሁትን እንኳ አልተቀበለችኝም፤ የሜትሩን ጫፍ አስጨበጠችኝ።

"እዚህች ካስማ ላይ ያዝልኝ። አትንቀሳቀስ አባዬ፤ አንድ ጣት ከተንቀሳቀስክ ሁሉም ይበላሻል።"

"ወዴት እሄዳለሁ?" አልኳት።

አልሰማችኝም። ሜትሩን እየፈታች ወደ ደቡቡ ጥግ ሄዳለች።